ከልጅ ያልቆጠርሁት ልጄ

ዶክተሩ «ወለላ እህት ወይም ወንድም አላት?» ሲለኝ «የላትም» አልሁት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ልጄ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በሽታዋ የደም ካንሰር ነው። አዲስ አበባ የሰጧት መድኃኒት መጀመሪያ ላይ አሽሏት፣ የረገፈው ፀጉሯ እንኳ ተመልሶ ነበር። በጥር አገረሸባት። ዶክተሩ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ጠንከር ያለ መድኃኒት ይገታው ይሆናል እንጂ ብቻውን አያድናትም። የቀረው መንገድ ከእናት አባቷ ልጅ የአጥንት መቅኔ ወስዶ ለእሷ መስጠት ነው። የሚስማማ ሰጪ ከተገኘ የመንግሥት ሕክምና ቦርዱ ምሥራቅ ጀርመን ይልካታል።

ልጅስ ነበረኝ። ወለላ ተወልዳ ትንፋሽ ሲያጥራት «እሷን አትርፍልኝ፣ ወንዱን ላንተ» ብዬ ለጣናው ደሴት ገዳም ታቦት ተሳልሁ። ታላቅ ወንድሟን ደሞዝን በዐሥራ አንድ ዓመቱ ወስጄ ሰጠሁት። ሲመነኩስ በቁሙ ከፍነው ፍትሐት ደገሙለት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ለዓለም ሞቷል፣ ከልጅ አይቆጠርም። ደግሞስ የሰጠሁትን ብቀማ ታቦቱ በምትኩ ወለላን ቢወስድብኝስ? ይህን ፈርቼ ዝም አልሁ።

ሁለተኛው መድኃኒት በሽታውን ገታው። ዶክተሩ ሰጪ ቢኖር ጊዜው አሁን ነበር ብሎ አዘነ። እኔ ጅሏ አሁንም ሦስት ሳምንት ዝም አልሁ። ትኩሳት ሲጀምራት ግን የመጣው ይምጣ ብዬ፣ እሷን አዲስ አበባ ሆስፒታል ለአባቷ ትቼ፣ ከባሕር ዳር በታንኳ ተሻገርሁ።

ያን ዕለት ጣና ጭጋግ ለብሶ ጭጭ ብሏል። የቀዛፊው መቅዘፊያ እንኳ ድምፅ አልነበረውም። ሴት ከወደቡ ስለማታልፍ ልጄን አስጠራዋለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ማንም ሳይልክበት ዳር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሁሉንም ነገርሁት። ዓይኑን ሳያርገበግብ ሰማኝ። ቆቡን አውልቆ አሁኑኑ እንዲሳፈር ለመንሁት፤ የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት እኔ እንደምጨርስ፣ ኃጢአቱም በእኔ እንደሚሆን ነገርሁት።

«እማዬ፣ ጠዋት መጥታ ነበር» አለኝ።

«ማን?»

«ወለላ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ መጣች። ጠማኝ አለችኝ፣ ውኃ ሰጠኋት።»

ተቆጣሁት፤ ጾሙ አዙሮሃል፣ ልጅቱ አልጋ ላይ ናት፣ ደግሞስ እኔን እናትህን እዚህ ድንጋይ ላይ ያስቀሩ መነኮሳት እሷን እንዴት አሳለፏት አልሁት።

አቀረቀረ።

«ሁሉም በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር» አለኝ። «አንዳቸውም አላዩዋትም።»