በማን ቢላ

ገበየሁ ጠቋሚ ጣቱን ጄሊው ላይ ጫን አድርጎ ለቀቀ። የጎደጎደው ቦታ ወዲያው ሞልቶ ተነሣ። ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ ረግቷል።

ትሪው እርጥብ አሸዋ ላይ አድሯል። ቢጫው የማንጎ ነው፤ ዳር ዳሩ የቀላው በከርከዴ ነው። የጠዋቷ ፀሐይ በውስጡ አልፋ የትሪውን ወለል ታሳያለች። ቢላውን በሙቅ ውሃ እየነከረ መጀመሪያ በቁመቱ፣ ቀጥሎ በወርዱ ቆረጠው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከልጅ አውራ ጣት አይበልጥም። ይህ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሥራ ነው ወይ ብለው የሳቁበት ነበሩ። አሁን አይስቁም። የሠፈራ መንደሩ ልጆች የሱቅ ከረሜላ ትተው ጠዋት ጠዋት የገበየሁ አጥር ሥር ይሰለፋሉ።

የጀመረው በሂባ ምክንያት ነው። ሂባ የጎረቤቱ የዐዋጢፍ የልጅ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት የፊት ጥርሶቿ በከረሜላ ጠቁረው አሶሳ ወሰዷትና ሁለቱን ነቀሉላት። አፏን በመዳፏ ሸፍና ከባጃጅ ስትወርድ ገበየሁ አጥሩ ሥር ቆሞ አያት። በሳምንቱ የበሬ እግር ገዝቶ ቀቀለ።

ጉባ ላይ፣ ግድቡ ሲሠራ፣ በሠራተኞች ወጥ ቤት ስምንት ዓመት አብስሏል። አንድ የውጭ አገር ወጥ ሠሪ የከብት እግር ቀቅሎ፣ ቅባቱን ገፍፎ፣ መረቁ ሙጫ እስኪመስል ካተነነ በኋላ በፍራፍሬ ጭማቂ ሲያረጋው አይቶ ነበር። እጁ አልረሳውም። ስኳር አይገባበትም። ማንጎው ከደጁ ነው፤ ማሩ ከባምባሲ ይመጣለታል።

ዛሬ የሚቆርጠው ግን እንደወትሮው አይደለም። የዐዋጢፍ ባል ከሞተ ዓመት ሞልቶታል፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት መልስ፣ ሰደቃ አለ። «ለልጆቹ ያንተን ጄሊ አምጣልኝ» ብላዋለች። ክርስቲያን ሰፋሪ በእጁ ያበሰለው ነገር በሙስሊም በርታ ቤት የሰደቃ ምንጣፍ ላይ ሲቀርብ በዚያ መንደር የመጀመሪያው ነው። ገበየሁ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ድስቱን ሦስት ጊዜ በአመድ ፈትጎ ነው የጣደው። ድስቱ ራሱ ሟች ሚስቱ የወርቅውሃ ለእስላም እንግዳ ብቻ ብላ የለየችው ነው።

ከመንገዱ የጋሪ ድምፅ መጣ። ነገራ ነው። ከአሶሳ ሥጋ ቤቶች እግርና ቆዳ እየሰበሰበ የሚያዞር የባምባሲ ተወላጅ ነው፤ ወሬና ሳቅ አያልቅበትም።

«አባባ! የነገውን እግር አምጥቻለሁ። አራቱም የአንድ በሬ ነው፤ ድስት ውስጥ እንዳይጣሉ ብዬ።»

«አስቀምጠው።»

«አቤት ጄሊ! አንዷን ልቅመስ?»

«የሰደቃ ነው።»

«አቦ፣ እሺ።» ነገራ እግሮቹን ከማዳበሪያው አወጣ። «ወዳጃችን ግን መቼ ነው የሚከፍተው? ወንድሜን ላስታምም ብሎ ኩርሙክ እንደሄደ ቀረ።»

«ማን?»

«የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ነዋ። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ዝግ አይደል?»

ቢላው ትሪው ላይ ቆመ።

«ታዲያ ይሄን ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ መውረጃ ካለው።» ነገራ የሽማግሌውን ፊት አየና ሳቁ ቀጠነ። «አባባ፣ እግር እኮ ነው! አይሰግድ፣ አይሳለም። ቁርጭምጭሚት ምን ሃይማኖት አለው?»

«መልሰህ ጫነው» አለ ገበየሁ።

«ተቆጡ እንዴ? አልጠየቁኝም እኮ።»

«አልጠየቅሁህም።»

ነገራ ጋሪውን እየገፋ ከሄደ በኋላ ገበየሁ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠ።

ጉባ ላይ የክርስቲያንና የሙስሊም ሁለት ወጥ ቤት ነበረ። ቢላውም ሁለት ነው፤ የአንዱ እጀታ ነጭ፣ የሌላው ጥቁር። ሥጋ የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር ገበየሁ በር ላይ ወጥቶ አንዲት ነገር ይጠይቃል። «በማን ቢላ ነው?» ሾፌሩ ቢስቅም ቢቆጣም፣ መልስ ሳይሰጥ ሥጋው ደፉን አያልፍም። መልሱ ካላማረው ቄራው ድረስ ሄዶ አራጁን በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። በዚያ በረሃ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሠራተኛ ሳያመነታ የሚጎርሰው በዚያች ጥያቄ ተማምኖ ነበር። ወሎ የተወለደ ሰው ነው፤ በአንድ ግቢ ሁለት ድስት እንዴት እንደሚጣድ ከእናቱ ጓዳ አይቶ ነው ያደገው። ስምንት ዓመት አንድ ቀን አልሳተም። ንብረት አላፈራም፣ ልጅ አልወለደም፤ ይህ ግን አለው።

ነገራ መጀመሪያ እግር ያመጣለት ቀን ያቺኑ ጥያቄ ጠይቆታል። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። ከዚያ ልጆቹ በዙ። ስማቸውን ሲያጠና፣ ማንጎ የሚወደውን ከርከዴ ከሚወደው ሲለይ፣ አንዱ የወሰደውን ደብቆ ሌላ ሲለምነው አይቶ እንዳላየ ሲሆን፣ ጥያቄዋ ከአፉ ጠፋች። የትኛው ቀን እንደተዋት አያስታውስም።

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በጣቱ ቆጠረ። አሥራ ሰባት ቀን። አሥራ ሰባቱንም ቀን ሂባ ከመዳፉ ላይ አንሥታ በልታለች፤ በተነቀሉት ምትክ ብቅ ያለውን ጥርስ ከንፈሯን ገልጣ እያሳየችው።

ከድባጤ በኩል ያ የሰው እልቂት ወሬ በመጣበት ዓመት እዚህም ሰው ከሰው ሰላምታ አቋርጦ ነበር። ከቤት ቤት የሚሻገረው ሳህን ቆመ። ያኔ ዐዋጢፍ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ይዛ መንገዱን አቋርጣ መጣች። ገበየሁ በሩ ላይ ቆሞ በላው። ሳህኑን በማንጎ ሞልቶ መለሰው። በሳምንቱ ሌላ ሳህን ከሌላ ቤት ወጣ።

ተነሥቶ ትሪውን አየው። ፀሐይዋ አሁንም በውስጡ ታበራለች። ወደ ጓሮ ወስዶ ጉድጓድ ውስጥ ገለበጠው፤ አፈር መለሰበት።

ይህን ማድረግ አልከበደውም። የከበደው ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ነው። አዲስ ይሠራል፤ ሥጋ የሚባል ያልነካው። ሰደቃው ንጹሕ ይሆናል። ከነገ ጀምሮ ይጠይቃል። ያለፈው በልጆቹ ሆድ ውስጥ አልፏል፤ ነገራም እስከ ማታ ይረሳዋል። ለማን ይጠቅማል ብሎ ይናገረዋል? የአንዲት አሮጊት ልብ ለመስበር? ሐሳቡ እንደ ደግ ጎረቤት መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሲሠራም አብሮት ዋለ።

የወርቅውሃን ድስት አልነካም። ውሃ ብቻ የሚፈላበትን ትልቁን ብረት ድስት አወጣ። ማንጎውን ልጦ ጨመቀና በወንፊት አጠለለው። የሎሚ ፍሬና ከልጣጩ ሥር ያለውን ነጩን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ ውስጡ ጣለ፤ ያለ አጥንት የሚያረጋው ይኸው ብቻ ነው። ማር ጨመረ። እሳቱን አሳንሶ፣ ከሥር እንዳይዝ ሳያቋርጥ አማሰለ። ክንዱ ሲዝል በሌላው ያዘ። አንድ ጊዜ ፈንድቶ የእጁን አንጓ አቃጠለው፤ አልጠረገውም። ማማሰያው ያለፈበት መንገድ ሳይዘጋ መቆየት ሲጀምር አወረደው። የወርቅውሃ ለሠርግ ብላ ሣጥን ውስጥ ያኖረችው፣ ማንም ያልበላበት ትሪ ነበር። የሙዝ ቅጠል አነጠፈበትና ዘረጋው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ አዋለው።

ጣቱን ጫን አድርጎ ለቀቀ። የጣቱ ጉድጓድ እንዳለ ቀረ።

የዐዋጢፍ ግቢ ተጠርጎ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሼኹና ወንዶቹ ከመስጊድ ገና አልተመለሱም። የሟቹ እህት ዓዲላ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ የሚገባውን ሁሉ ትመረምራለች።

«መጣ የሰፋሪ ከረሜላ» አለች። «ሼኹም ይሄን ሊበላ ነው?»

«ሼኹ ጥርስ የለው፤ ከዚህ የተሻለ ምን አለው?» አለች ዐዋጢፍ ከውስጥ እየወጣች። ትሪውን በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ሂባ ከየት መጣች ሳትባል አንዷን አንሥታ አፏ ውስጥ ጨመረች። አላመጠችና ፊቷን አዞረች። «አባባ፣ የዛሬው አይለጠጥም!»

ዐዋጢፍ በጣቷ ነካችው። «እውነቷን ነው። ምን ሆነ?»

«ፀሐዩ ነው» አለ ገበየሁ። ከአፉ ሲወጣ ቀላል ነበር።

«ፀሐዩ!» አለች ዓዲላ። «ምን እንደጨመረበት ማን ያውቃል?»

ዐዋጢፍ ወደ እሷ ዞረች። አማርኛዋ አጭር ነው፤ ሲከፋት ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። «አንቺ ዝም በዪ። ወላሂ፣ ይሄ ሰው ማን እንደባረከ ሳይጠይቅ እሳት አያነድም። ወንድምሽ ምን አለ? ‹ከኔ ቤት ሌላ የገበየሁን ቤት ብሉ› አለ። ሼኹ ሲመጣ እኔ እመሰክራለሁ። በሰው ሁሉ ፊት።» ከዚያ ምንጣፉን በአገጯ አመለከተችው። «ግባ፤ ተቀመጥ።»

ገበየሁ ምንጣፉን አየ። ሲሠራ አብሮት የዋለው ሐሳብ እዚህም ድረስ ተከትሎታል፤ ተቀመጥ እያለው ነው። አልተቀመጠም።

«ዐዋጢፍ፣ አንዴ ወደ ማንጎው ጥላ ነይ።»

ትሪውን እንደያዘች ተከተለችው።

«አሥራ ሰባት ቀን እግሩ የመጣው ከእኛ ሥጋ ቤት ነው» አለ። «ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ይሄ የያዝሽው ማንጎ፣ ሎሚና ማር ነው፤ ድስቱም ሌላ ነው። ያለፈውን ግን ልጅቷ በልታዋለች።»

ዐዋጢፍ ትሪውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ከመስጊዱ በኩል የወንዶቹ ድምፅ መቅረብ ጀመረ።

«እኔም በላሁ» አለች።

«አዎ።»

«ያላወቀ ሰው አላህ አይይዘውም። እሷንም እኔንም አይዝም።» ቀና ብላ አየችው። «አንተ ግን ለምን አልጠየቅህም?»

መንገዱን ሲያቋርጥ በልቡ ብዙ መልስ ነበረ፤ ነገራ፣ ኩርሙክ የሄደው ሰው፣ የታመመው ወንድም። አሁን አንዱም አልቀረበለትም።

«ለመድኩ» አለ።

«‹ፀሐዩ ነው› ያልከኝስ?»

«ፈራሁ።»

«ሂድ፣ ቤትህ ግባ» አለችው። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ሌላም ነገር የለበትም። ዓዲላ አንገቷን አስግጋ እያየቻቸው ነበር። ዐዋጢፍ በአጠገቧ አልፋ ትሪውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ገበየሁ ደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ከማዶ ዱዓው ይሰማል። ሼኹ ሲያሳርፍ «አሚን» ይላሉ፤ ከትልልቆቹ ድምፅ ኋላ የልጆቹ ቀጭን «አሚን» ዘግይቶ ይመጣል። ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። ጄሊ ሲታደል ልጆቹ የሚጮኹትን ጩኸት ያውቀዋል። ጩኸት መጣ፤ ግን ልጆች በምንም ይጮኻሉ። የወርቅውሃ ድስት አጥሩ ሥር ተደፍቷል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ክዳኑ አንድ ጊዜ ይንኳኳል።

ፀሐይዋ ወደ ሱዳን በኩል ስታዘነብል ሂባ ትሪውን ራሷ ላይ ደፍታ መንገዱን አቋረጠች። ትሪው ታጥቦ ደርቋል። የሙዝ ቅጠሉ የለም። ተበልቶ ይሁን ተደፍቶ ከትሪው ላይ አይነበብም። ገበየሁ የልጅቷን አፍ አየ። ከንፈሯ እርጥብ ነው፤ ተጉመጥምጣለች። አልጠየቃትም።

«አያቴ ጠይቂው ብላኛለች» አለች ሂባ። እንዳይጠፋባት በልቧ እየደጋገመችው የመጣች ትመስላለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። «የነገው በማን ቢላ ነው?»

ገበየሁ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሣ። ጫማውን አጠለቀ፤ ዱላውን ከግድግዳው አነሣ። እስከ አሶሳ በእሱ እርምጃ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እዚያ ያለው የሙስሊሙ ሥጋ ቤት አሁንም ዝግ ሊሆን ይችላል።

«ምን ብሎኛል ልበላት?»

«አይቼ ልምጣ።»

ሂባ እሱ በተነሣበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ መንገዱ ዞረች። አዲሱን ጥርሷን በምላሷ እየነካካች ጀርባውን ታየው ጀመር።