አባቷ ዝም ያለበት ማክሰኞ

ማክሰኞ ጠዋት በንግግር ሕክምና ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ፀጉር አስተካካዩ፣ ሚስቱ፣ ድንቡሼ የሚሏት የአራት ዓመት ልጃቸውና ባለሙያዋ ናቸው። ድንቡሼ ጆሮዋ ደህና ነው፤ የሚነገራትን ሁሉ ትረዳለች። ቃል ግን እስካሁን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ጊዜ ደርሷል። ሽንቷ ቢመጣ፣ ልጅ ቢመታት፣ ለማን ትናገራለች? ይህ ሐሳብ አባቷን እንቅልፍ ነስቶታል። ሆኖም መንገድ ላይ ለሚስቱ ቁርጡን ነግሯት ነበር።

«የዛሬው የመጨረሻ ነው። ሴትዮዋ ከልጅቷ ጋር ስትጫወት ነው የምትውለው። ጨዋታውንማ እኛም ቤት አናጣውም!»

ባለሙያዋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ድንቡሼ የምትወዳትን ቀይ የመጫወቻ መኪና ክዳኑ ጠበቅ ባለ አፈ ሰፊ ብልቃጥ ውስጥ አስገባችና ሰጠቻት። ልጅቷ ታገለች፤ አልከፈት አላት። ወደ አባቷ ስትዞር እጁ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር።

«ቆይ የኔ እናት፣ አወጣልሻለሁ! መኪናዋን ፈልጋ ነው እኮ፣ እህቴ። እኔ ዓይኗን አይቼ አውቃለሁ። ውሃ ሲጠማት፣ እንቅልፍ ሲመጣት፣ ሁሉንም!»

«ማወቅዎ ጥሩ ነው» አለች ባለሙያዋ፤ «ግን ሁሉን ካወቁላት ለምን ብላ ትናገር? የዘገየችው በእርስዎ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ግን ሊረዷት ይችላሉ። ዓይን ዓይኗን እያዩ ዝም ብለው ይጠብቋት።»

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። «እሱ ነው ዝም የሚለው? ምላጭ አንገቱ ላይ ያለን ደንበኛ እንኳ ካልመለስክልኝ የሚል ሰው!»

«አንቺ ደግሞ!» አለና ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ከተተ።

ድንቡሼ ብልቃጡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ሱሪውን ጎተተች። ከንፈሯ ለለቅሶ ሲንቀጠቀጥ በገዛ ልጁ ላይ የጨከነ መሰለው። ምላሱን ነክሶ ዝም አለ። ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ስንት ሰው አድምጦታል፤ እሱ ግን ይቺን ልጅ እንዲህ ጠብቋት እንደማያውቅ የገባው ያኔ ነው።

«ክፈ» አለች ድንቡሼ፣ ቀስ ብላ።

«ክፈት በይ! ክፈት...» ብሎ ሲጀምር ባለሙያዋ በእጇ ከለከለችው።

«አያርሟት፤ ይክፈቱላት። ቃሏ እንደሠራላት እንድታይ።»

«እሺ፣ እከፍታለሁ» ብሎ ክዳኑን ከፈተላት። ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ድንቡሼ መኪናዋን ተቀብላ ምንጣፉ ላይ መንዳት ጀመረች፤ ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ፣ ልጁን ራሱ ይዟት መጣ።