የሃላሌው ሰርቨር ሰላምታ

ሚልክያስ ሶዶ ውስጥ የትምህርት መምሪያው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። በ2006 ዓ.ም. በአንዱ ዓርብ የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሃላሌ የገጠር ከተማ ካለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰርቨር የዝውውር ጠያቂ መምህራንን ዝርዝር ኮፒ አድርጎ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሶዶ ላለው የዝውውር ኮሚቴ ማድረስ። ካልደረሰ የሃላሌ ዝውውር ለከርሞ ነው። ሚስቱ ሜላት ደግሞ የሃላሌ መምህርት ናት። ከተጋቡ አራት ዓመታቸው ነው፤ አራቱንም ዓመት ተለያይተው ኖረዋል። በወር አንዴ እሷ በአይሱዙ ተንገጫግጫ ትመጣለች። እሱ ሥራ ይበዛበታል፣ መንገዱም መንገድ አይደለም። እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሞላው።

የሶዶውም የሃላሌውም ማሽን የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ትዕዛዙን ጻፈ፣ ፓስወርዱን አስገባ። ስክሪኑ ላይ በወላይትኛ «ሳሮ?» የምትል አንዲት የሰላምታ መስመር ብቅ አለች፤ ከዚያ ጸጥ። ስህተት የለም፣ ፋይልም የለም። ስህተት ቢኖር እንኳ የሚሰደብ ነገር ይገኝ ነበር። ኬብሉን ነቀለ፣ ሰካ። የዲስኩን ቦታ አየ፤ ሰፊ ነው። ፈቃዱን አየ፤ ተፈቅዶለታል። ሰባት ጊዜ ሞከረ፤ ማሽኑም ሰባት ጊዜ ደኅንነቱን ጠይቆ ባዶ እጁን ሸኘው።

በስምንተኛው ነገሩ ገባው። ኮፒ የሚያደርገው ፕሮግራም ከወዲያ በኩል የሚጠብቀው ፋይል ነው፤ ከፋይሉ በፊት ሌላ ወሬ ከሰማ ግራ ይጋባና ጥሎ ይሄዳል። የሃላሌው ሰርቨር ደግሞ ለገባ ሁሉ ሰላምታ እንዲያቀርብ ተደርጓል። ወዲያው ደወለ።

«ባዳቾ፣ ያንን ሰላምታ አጥፋልኝ።»

«ሰላምታ እንዴት ይጠፋል?» አለ የሃላሌው ባለሙያ ባዳቾ። «ያስጻፉት አቶ ኤርካሎ ናቸው። እሳቸውን ላቅርብልህ።»

አቶ ኤርካሎ የሃላሌው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። የመልካም አስተዳደር ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ፣ ከበሩ ዘበኛ እስከ ሰርቨሩ ድረስ ተገልጋይን በክብር እንዲቀበል አዘዙ። ሥልጠና የወሰደ ሁሉ የሰማውን ቢሠራ ኖሮ አገሩ የት በደረሰ፤ እሳቸው ግን ሠሩት።

«ሰላምታው ይውጣልኝ፣ ፋይሉን ከለከለኝ» አለ ሚልክያስ።

«ልጄ፣ አንተም እኮ ደህና ዋላችሁ አላልክም። ከበር ላይ ቆመህ ዕቃ አቀብሉኝ ትላለህ። ሰው እንደዚህ ያደርጋል? ግባ፣ ሰላምታህን ተቀበል፣ አረፍ በል። የፈለግከውን እኛ ከውስጥ እንሰጥሃለን።»

ሚልክያስ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። ሰውዬው ሳያውቁት መፍትሔውን ነግረውታል። ፋይሉን ከውጭ ከመጎተት የሃላሌው ማሽን ውስጥ በወጉ ገብቶ፣ ከዚያ ሆኖ ወደ ሶዶ መላክ ይቻላል፤ የሶዶው ሰርቨር እንደሆነ ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። ገባ። ሰርቨሩ አሁን «ሳሮ?» ብሎ አላቆመም፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱና ስለ እንሰቱ በአምስት መስመር ጠየቀው። እስኪጨርስ ጠብቆ ላከ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዝርዝሩ ሶዶ ደረሰ።

ሚልክያስ ደስ ብሎት የሚስቱን ስም ፈለገ። ሠላሳ ሰባተኛ ላይ አገኘው፤ ወደ ሶዶ፣ ምክንያት ትዳር። በመጨረሻው ዓምድ የኃላፊው አስተያየት ሰፍሯል፦ «ሶዶ ባል አለኝ ትላለች። በአራት ዓመት ውስጥ ያየው ሰው የለም። አይደገፍም።»

ፊቱ ጋለ፤ አፈረ። ፋይሉ በእጁ ነው፣ «አይደገፍም»ን ቢሰርዝ ማን ያያል? ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ቆየ። ከዚያ ዝርዝሩን እንዳለ ለኮሚቴው አስረከበና ማረሚያ እስከ መቼ እንደሚቀበሉ ጠየቀ። እስከ ሰኞ ነው አሉት። እንደገና ደወለ።

«አቶ ኤርካሎ፣ ደህና ዋሉ? ቤተሰብ እንዴት ነው? ከብቱስ?»

«ተመስገን፣ ሁሉም ደህና። አሁን ሰው ሆንክ።»

«የመምህርት ሜላት ባል እኔ ነኝ።»



«በስልክማ ማንም ባል ነው» አሉ አቶ ኤርካሎ፣ ምንም ሳይቆጡ። «ልጅቷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሶዶ መኪና ሲገባ ወጥታ የሚወርደውን ሰው ታያለች።»

ሚልክያስ የነገው የሃላሌ መኪና ላይ ቦታ ሊይዝ ወጣ።