የሩታ የሥራ ልምድ

መቅደስ ስልክ ስታወራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ታቦር ሰፈር የቆርቆሮ አጥር ምን ሊደብቅ? ፅጌ በዚህ በኩል ጎመን ስትቀነጥስ፣ መቅደስ በዚያ በኩል ለእህቷ እንዲህ ስትል ሰማቻት፦

«የሂሩት ሠራተኛ፣ ያቺ ሩታ፣ ካናዳ ልትሄድ ነው እኮ። እዚያ ሽማግሌ የሚጦር ሰው ይፈልጋሉ አሉ። ሁሉን አሟልታ አንድ ወረቀት ብቻ ነው የቀራት።»

ጎመኑ ከፅጌ እጅ ወደቀ። ዕድሜ ልኳን ወሬ ስትለቅም የኖረች ሴት፣ እንዲህ ያለ ወሬ እግሯ ሥር ወድቆላት አያውቅም። ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና ቀጥ ብላ ወደ ሂሩት ጓሮ።

ሩታ አንሶላ እያሰጣች ነበር። አንሶላው የሂሩት እናት የሚተኙበት ነው፤ አሮጊቷ አልጋ ከያዙ ሦስት ዓመታቸው። የምታገላብጣቸው ሩታ፣ የምታጥባቸው ሩታ፣ በማንኪያ የምታጎርሳቸው ሩታ። ከዚያ በፊት ደግሞ የሂሩትን ልጅ ካሌብን ትምህርት ቤት እያደረሰች እየመለሰች ለዩኒቨርሲቲ ያበቃችው እሷው ናት። ፅጌ ልጅቷ የመጣችበትን ቀን አትረሳውም። ከአለታ በኩል መጣች፣ አሥራ አራት ዓመቷ፣ አማርኛ የሚባል አንድም ቃል የላት፣ ፌስታሏን ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ። ይኸው ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ። ማታ ማታ ተምራ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ እንግሊዝኛውንም ተፈትና አለፈች ይባላል።

«ካናዳ ነው አሉ?» አለቻት ፅጌ።

ሩታ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «ማን ነገረዎት?»

«አጥር።»

ልጅቷ ዞር ዞር ብላ ቤቱን አየች። «እማማ ፅጌ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ለእትዬ እንዳይነግሩብኝ። ቅዳሜ ካሌብ ሲመጣ ደስ ሲላቸው እኔው ቁጭ ብዬ ልነግራቸው ነው። ከሰው አፍ ከሰሙ ይከፋቸዋል።»

«ወረቀቱ ምንድን ነው ታዲያ?»

«የሥራ ልምድ። አሠሪ የሚጽፈው። ምን እንደሠራሁ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ በስንት ደመወዝ። ሌላውን ወንጌላዊት ጨርሳልኛለች።»

ወንጌላዊት ፊት ለፊት ያለው ግቢ ሠራተኛ የነበረችው ናት። ቤሩት ገባች፣ ከቤሩት ካናዳ። እዚያ አንድ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች አግኝታ ለሩታ ቦታ አስይዛላታለች። ማመልከቻው የሚከፈተው የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ፣ በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። የዓለም ሰው ስለሚሻማበት ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል። ከርሞ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም።

«ትንፍሽ ብል ምላሴ ይቆረጥ» አለች ፅጌ።

እንግዲህ ሰው የማይችለውን አይምልም። ሁለት ቀን ቻለች። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከሂሩት ጎን ተቀመጠች። ንፍሮ ታደለ፤ ዝምታው ረዘመ፤ ዝምታ ደግሞ ለፅጌ እንደ እከክ ነው።

«እናትሽን ማን ያገላብጣቸው ይሆን» አለች እንደ ቀልድ፣ «ሩታሽ ካናዳ ስትገባ?»

ሂሩት ማኘኳን አቆመች። «እንዲያ ነው?» አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ፅጌ ልታለሳልሰው ሞከረች፣ ወሬ ብቻ ነው፣ ሰው ምን የማይለው አለ ብላ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በነጋታው ፅጌ ጩኸት ጠብቃ ጆሮዋን የሂሩት አጥር ላይ ለጠፈች። ጩኸት የለም። የሰማችው ልቅሶ ነው። ሂሩት ሩታን አቅፋ ታለቅሳለች። «ለምን ደበቅሽኝ? እኔ እናትሽ አይደለሁም? ጌታ በር ሲከፍትልሽ እኔ ልዘጋ? እኔው ነኝ የምጽፍልሽ፣ በገዛ እጄ።»

ፅጌ እፎይ አለች። ሂሩት እኮ እንደማንኛዋም ሴት አይደለችም። ሠላሳ ዓመት መንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና የስንቱን ሹም ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ለእሷ ምኗ ነው? ዓይኗን ጨፍና ትጽፈዋለች።

ደብዳቤው ግን ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ሆነ። አንድ ቀን ራሷን አመማት። አንድ ቀን የካሌብ ኮምፒውተር ተበላሸ። ሌላ ቀን እናትየው ሌሊቱን አላስተኟትም ተባለ፤ ሌሊቱን ያልተኛችው ሩታ ብትሆንም። ሩታ በየጠዋቱ ቁርስ ስታቀርብ እጇን አጣምራ ትቆማለች፤ ሂሩት «አልረሳሁም ልጄ» ትላታለች። ማክሰኞ መጣ። ስምንት ሰዓት ላይ ሂሩት የታሸገ ፖስታ ይዛ ወጣች፤ የሩታን ራስ ይዛ ጸለየችላትና ሰጠቻት።

«ዘጠኝ ሰዓት የጸሎት ሴቶች ይመጣሉ» አለች። «ሻይ የሚቀዳልኝ የለምና ቶሎ ተመለሺ።»

ፅጌ አብሬሽ ልሂድ ብላ ሩታን ለመነቻት። ባጃጅ ውስጥ ሩታ ፖስታውን ጉልበቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

«እማማ ፅጌ፣ ለእትዬ ማን ነገራቸው ይሆን?»

«አጥር ይሆናላ» አለች ፅጌ፣ ወደ ውጪ እያየች።

ፒያሳ ሳምሶን የሚባል ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ አለ። ለሚሄድ ሰው ሁሉ ወረቀት የሚያሰናዳው እሱ ነው። ፖስታውን ቀዶ አንድ ጊዜ አነበበ። እንደገና አነበበ። ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ሌላው የታለ?»

«የምን ሌላ?» አለች ሩታ።

«የሥራ ልምዱ። ይሄ ምስክርነት ነው። ቸርች የሚነበብ።»

ሩታ ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። በአገሯ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ የሆነ ነገር አጉተመተመች፤ ፅጌ አልገባትም። ፅጌ ፊደልን እስከ «ሸ» ነው የዘለቀችው፣ እንግሊዝኛውማ ይቅርባት። «ምን ይላል? ንገሪኝ እንጂ» አለች።

«‹ሩታ በፍቅር የተቀበልናት ልጃችን ናት› ይላል። ‹ከቤተሰባችን ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች። እናቴን እንደ አያቷ ትወዳለች። የምትጸልይ፣ የምትታመን ልጅ ናት። ስለ እሷ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።›»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ሠራች የሚል የለበትም፣ እማማ» አለ ሳምሶን። «ሰዓት የለ፣ ደመወዝ የለ። እነዚያ ሰዎች ምን ብለው ነው የሚያነቡት? የቤቱ ልጅ ናት፣ ሥራ ሠርታ አታውቅም ብለው ነው። ይሄን ከመላክ ባዶ ወረቀት መላክ ይሻላል።»

«በል አንተ ጻፈው። እኔ ጋ ሠርታለች በልና እኔ ልፈርም።»

«ፊርማ አለዎት?»

«አውራ ጣት አለኝ።»

ሳምሶን ሳቀና ሩታን ሲያያት ሳቁን ዋጠ። ሩታ ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት አጠፈችው። «ፈረንጆቹ ደውለው ይጠይቃሉ» አለች። «አንዲት መስመር ብቻ ናት የጎደለችው። እትዬ ይጽፉልኛል። ረስተው ነው።»

ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ የጻፈች ሴት ምን እንደምትረሳና ምን እንደማትረሳ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ያውቃል።

ቤት ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ሳሎኑ ሞልቷል፤ አምስት ሴቶች ሶፋው ላይ፣ መቅደስም መሐላቸው። ፅጌ በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ያዘች። ሩታ የምትቀመጥበት በርጩማ ኩሽና ነው ያለው፤ ሳሎኑ ውስጥ ስትቀመጥ ያያት ሰው የለም። እንደ ልማዷ ፔርሙሱን አንሥታ ለሁሉም ሻይ ቀዳች። ቀድታ ስትጨርስ ነው የተናገረችው።

«እትዬ፣ አልላኩትም።»

«ለምን የኔ ልጅ?»

«ሥራ የሚል የለበትም።»

«የቱ ሥራ?»

«የሠራሁት።»

ሂሩት ስኒዋን አስቀመጠችና ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሰማችሁልኝ? አሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ብዬ ያሳደግኳት፣ አሁን ለማላውቀው ፈረንጅ ቅጥረኛዬ ነበረች ብለሽ ጻፊ ትለኛለች። እንዴት አድርጎ ነው እጄ የሚታዘዝልኝ?»

«የእናት አንጀት» አለች አንደኛዋ።

«አንዲት መስመር ብቻ፣ እትዬ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማታው አራት ሰዓት ብለው፣ አሮጊት ታነሣለች ታጥባለች ብለው፣ ደመወዙን ጽፈው…»

«ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ብዬ ጽፌ ሰው ምን ይበለኝ?» አለች ሂሩት። ድምፅዋ የጸሎቱ ድምፅ አልነበረም። «እናቴንስ ማን ያነሣልኛል? አንዴ ይህን አስበሻል?»

ተናግራው ደነገጠች። ከውስጥ ክፍል አሮጊቷ «ሩታ» ብለው ተጣሩ፤ ቀጭን ድምፅ። ሩታ እንደ ሁልጊዜው አካሏ ወደዚያ ዞረ፣ እግሯ ግን እንደቆመ ቀረ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሰዓት አልፏል። ፅጌ ቁጥር ማንበብ ታውቃለች፤ ያን ቀን ምነው ባላወቀች።

«ጻፊላት ሂሩት» አለች ፅጌ ቀስ ብላ። «ገና ጊዜ አለ።»

ሂሩት መሐረቧን አውጥታ ዓይኗን ጠረገች። ሴቶቹ ስለ ልጅ ውለታ ቢስነት አንዳንድ ነገር ተባባሉ፤ መቅደስ የእህቷን ልጅ ታሪክ ጀመረች። ሻይ ተደገመ። የቀዳችው ሩታ ናት።

የሩታ ስልክ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነዘረ። አወጣችና አየች፤ ፅጌ አንገቷን አሰገገች እንጂ ማንበብ ከየት ይምጣ።

«ወንጌላዊት ምን አለች?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ሞልቷል። ዘጉት።»

ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተች። ፔርሙሱን አላስቀመጠችም። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ፅጌን ያስፈራት እሱ ነው። በለቅሶው ድንኳን ከራሷ አፍ የወጣችው ያቺ ቃል ትዝ አለቻት።

ሂሩት ቀስ ብላ ተነሣች፤ ሄዳ ሩታን ከነፔርሙሷ አቀፈቻት። «አይዞሽ ልጄ። ለበጎ ነው። እናትሽ ቤት እያለሽ የሰው አገር ምን ያደርግልሻል? የኔ ልጅ ነሽ፣ የማንም ሠራተኛ አይደለሽም።» አለችና ተመልሳ ሶፋዋ ላይ ተቀመጠች።

«አሜን» አሉ ሴቶቹ።

ፅጌ አሜን አላለችም። ከሂሩት ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ለቅሶና ሠርግ አብራ ሄዳለች፤ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

«ሂሩት» አለቻት፣ «ልጅሽ እኮ ከገባች ጀምሮ ቆማለች። ከሶፋው የቱ ጋ ነው ቦታዋ?»

ቦታ ለመልቀቅ ፈቀቅ ያለች አንዲትም ሴት አልነበረችም።