ጎርፍ የሚያካፍለው ግንብ

በአልጄሪያ በረሃ የምዛብ ሸለቆ ጎርፍ በሦስት ዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ ሲመጣም ቀጠሮ አያውቅም። መሐንዲሱ ባህመድ ይህን ጎርፍ ሲጠብቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ሰማይ እንዳንጋጠጠ ነበር። ጎርፉን ለአትክልቶቹ የሚያካፍለውን አሮጌ ግንብ የሚተካ ባለ ብረት በር ግድብ ነድፏል፤ መንግሥትም የማሠሪያውን ገንዘብ ሊሰጥ ተስማምቷል። የጎደለችው አንዲት ቁጥር ናት፤ ጎርፉ በአሮጌው ግንብ ላይ እስከ የት እንደሚሞላ። የተሰጠው ጊዜ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ቁጥሯ ካልተገኘች የባህመድን ልፋት ውሃ በላው።

የውሃው ጠባቂ ሽማግሌው አሚ ሐሙ ግን ግድቡ አልዋጥላቸው ብሏል።

«ማሠሪያውን ይስጡ እሺ፤ በሩ ሲዝግ ማን ሊያድሰው ነው? በአንተ ደመወዝ?»

«አሚ፣ ይሄ ግንብ እኮ እርጅና ተጫጭኖታል!»

«እኔንም ተጫጭኖኛል። ልታፈርሰኝ ነው?»

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከላይኛው ማማ ተኩስ ተሰማ። ጎርፍ መጣ ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ ተምር አትክልቱ ሮጠ፤ ባህመድም መለኪያ ዘንጉን ይዞ ግንቡ ላይ ወጣ።

ውሃው እያገሳ መጥቶ ከግንቡ ጋር ተላተመ። ከዚያ የሆነውን ባህመድ ሺህ ጊዜ በወረቀት ስሎታል፤ በዓይኑ ሲያየው ግን እጁን አፉ ላይ ጫነ። ግንቡ ላይ የተደረደሩት የድንጋይ ቀዳዳዎች በየአትክልቱ የተምር ዛፍ ቁጥር ልክ የተጠረቡ ናቸው፤ ሰላሳ ተምር ላለው ሰፋ፣ ስምንት ላለው ጠበብ። ያ ሁሉ ቁጣ ማበጠሪያ እንደገባበት ፀጉር ተለያይቶ፣ ተረጋግቶ፣ ወደየአትክልቱ ገባ። የተረፈው በራሱ ጊዜ ወደ ወንዙ ፈሰሰ። በር የከፈተ የለም፤ የተጣላም የለም። ግንቡን የሠሩት የሞቱ ሰዎች ፍርድ እንዲህ ሲሠራ ማየት ያስፈራል።

ድንገት አንድ ግንድ መጥቶ ወደ ባህመድ ሟች አባት አትክልት የሚያስገባውን ቀዳዳ ዘጋ። ውሃው ዞሮ ወደ ጎረቤቱ ወደ ዳውድ አትክልት ጎረፈ። ዳውድ ግን ቀሚሱን በጥርሱ ነክሶ ዘሎ ገባና ግንዱን ይታገል ጀመር።

«ዳውድ! ውሃው እኮ ወደ አንተ ነው የሚሄደው!»

«ታዲያ የአባትህን ውሃ ልጠጣልህ? ከምትጮህ ና ያዝ!»

ጎርፉ የመጨረሻ ከፍታው ላይ ሊደርስ የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው። ባህመድ ዘንጉን አየ፤ ዳውድ አዳለጠው፤ ባህመድ ዘንጉን ጥሎ ገባ። ግንዱን አውጥተው ቀና ሲሉ ውሃው ጎድሏል። ርጭቱም ግንቡን እስከ አናቱ ስላራሰው እስከ የት እንደሞላ የሚለይ ሰው አልነበረም።

«ስንት ሞላ?» አሉት አሚ ሐሙ።

«አላየሁም።»

«ለመንግሥት ሰዎች ምን ልትላቸው ነው?»

ባህመድ እርጥብ እጅጌውን ጨመቀ። በዚያ ሁሉ ወረቀቱ ላይ የሃያ ሠራተኛ ደመወዝ አስቧል፤ ዳውድን ግን የትም አላስገባውም።

«ነገ ደለል ይጠረጋል» አሉ ሽማግሌው። «ከአባትህ ቤት ሰው ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ያንተን ድርሻ ሲጠርግ የኖረው ዳውድ ነው።»

ባህመድ ወደ ዳውድ ዞረ።

«ጠረጋው በስንት ሰዓት ነው?» አለ።