የመምህሯ ግልባጭ

ጋዜጠኞች እህቴን «የመምህሯ ግልባጭ» ብለው ሲጽፉ ያሞገሷት መስሏቸው ነበር። ስድብ ነው! ሰው ዕድሜውን ሙሉ ፒያኖ ላይ ተደፍቶ የሚኖረው የሌላ ሰው ግልባጭ ለመባል ነው? በእኛ ሥራ ገልባጩ እኔ ነኝ። በየአገሩ አዳራሽ ከግራዋ ተቀምጬ፣ አንገቷን ነቅነቅ ስታደርግ የኖታውን ገጽ እገለብጣለሁ።

መምህሯ ከሞቱ ወዲህ የምትጫወተው በእሳቸው የኖታ መጽሐፍ ነው። የቀለበት ጣቷ ታሞ ፈጣን ቦታ ላይ ይሰንፍባት ነበር። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ግን ያ ጣት እንደ ማሽን ሠራ።

«ዳነልሽ እንዴ?» አልኳት።

«አልዳነም። ወንድም ጋሼ፣ እንዳትስቅብኝ። የምጫወተው እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው? ጎረቤት?»

አልሳቀችም። «ላቆም ስል እጄ እምቢ ይለኛል። የዛሬ ማታውን ዝግጅት ልጨርስና ቤቴ ልግባ። በራሴ እጅ ብሳሳት ይሻለኛል።»

መድረክ ላይ እጇ እምቢ ካላት መጽሐፉን ልዘጋው ተስማማን። የምትጫወተው ሙዚቃ ለእሷ አዲስ ነው፤ በቃሏ አታውቀውም። ኖታ ከሌለ እጇ ምን ሊጫወት ነው? ተምሬያለሁ ባዩ ጭንቅላቴ የደረሰበት መላ ይኸው ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መካከል ላይ ስንደርስ ግንባሯን ላብ አጠመቀው።

«ዝጋው» አለችኝ በሹክሹክታ።

ዘጋሁት። ሙዚቃው አልቆመም። እጆቿ ይሮጣሉ፤ እሷ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ መንገድ እንደጠፋው ሕፃን ታየኛለች። አንድ ኖታ አልተሳተም። ገጹ ማለቅ ያለበት ቦታ ላይ በተደረሰ ቁጥርም አንገቷ ነቅነቅ ይላል፤ የተዘጋውን መጽሐፍ እንድገልብጥ ያዘኛል።

ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ቆሞ! ሰው ዓይናቸው ሥር ሲሰረቅ «ይደገም!» ብለው ይጮኻሉ።

ከመድረኩ ጀርባ ወኪላችን የቀጣዩን ጉዞ ውል ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠበቀን።

«አሟታል፤ ወደ ቤት ነው የምንሄደው» አልኩት።

«ታማ እንዲህ ከተጫወተች፣ እግዜር አይማራት!» ብሎ ተንከተከተ።

«አልፈርምም» አለች እህቴ ጥርት ባለ ድምፅ።

ቀኝ እጇ ግን ብዕሩን ከሰውየው የደረት ኪስ መዘዘ። አንጓዋን በሁለት እጄ ያዝኩት። እኔ ደካማ ሰው አይደለሁም፤ ፒያኖ አንቀሳቅሻለሁ። ያንን እጅ ግን ከወረቀቱ ላይ ፈቀቅ ማድረግ አቃተኝ። ቆዳው በረዶ ነበር።

«አልፈርምም፣ ወንድም ጋሼ፣ ኧረ ያዘኝ፣ አልፈርምም» እያለች ፊርማው አለቀ።

ወኪሉ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ እፍ አለበት።

«እናንተ አርቲስቶች» አለ ውሉን እያጠፈ፣ «ድርድራችሁ ራሱ ትያትር ነው።»