ክር የበላቸው ሁለት ጥርሶች

ሴትዮዋ ሥራዋ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለችም። ሐኪሞቹ የበሽተኛውን ልክ ወስደው ይልኩላታል፤ እሷ ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ የፖርስሌኑን ዱቄት በውሃ እያራሰች፣ በቀጭን ብሩሽ እየደራረበች፣ ምድጃ እያስገባች እያወጣች ጥርስ አድርጋ ትመልስላቸዋለች። አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ሐኪሞቹን ያሰለቸችበት አንድ ንዝንዝ አላት፤ ቀለም የሚመረጠው መጀመሪያ ነው ትላለች። ሰውየው ገብቶ እንደተቀመጠ፣ ማደንዘዣ ሳይወጋ፣ አፉ ሳይደርቅ፣ በመስኮት ብርሃን። አፍ ተከፍቶ ከቆየ ጥርስ ይደርቃል፣ የደረቀ ጥርስ ደግሞ ይነጣል። በዚያ ንጣት ልክ ቀለም የመረጠ ሰው፣ ምራቅ ሲመለስ ጉዱ ይፈላል፤ አዲሱ ጥርስ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ያፈጣል። «ይቺን ለማወቅ እኮ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም» ትላቸዋለች፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡትን ሰዎች። ይስቃሉ፤ ግን ይሰሟታል።

እንግዲህ በገዛ አባቷ ጥርስ ላይ የተሳሳተችው ይህችው ሴት ናት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባትየው ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሰፍቶ ነው ሥራውን የተወው። ክር በመቀስ መቁረጥ ለእሱ ቅንጦት ነው፤ በጥርሱ በጠስ አድርጎ ይቀጥላል። ከዚህ የተነሳ ሁለቱ የላይኛ የፊት ጥርሶቹ ጫፍ ላይ፣ መጋጠሚያቸው ዘንድ፣ ክሩ የበላው ትንሽ ጎድጓዳ ነበረው። ቀለሙን ደግሞ ሻይና ሲጋራ ጨርሰውታል። እሱ ሲጋራውን ከተወ ቆይቷል፤ ሲጋራው ግን ጥርሱን አልተወም። እናትየው ጤነኛ ሳለች በዚያ ጥርስ ስታሾፍበት ነው የኖረችው። «አንተ ሰውዬ፣ ስትስቅ እኮ ክር ላስገባብህ ያምረኛል» ትለዋለች። እሱም «እሜቴ፣ ያንቺን ቀሚስ ስሰፋ ነው ያለቀው» ይላታል።

እናትየው መርሳት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ረሳች፣ ቀጥሎ የቤቷን መንገድ፣ ቀጥሎ ሰው። ልጇን የረሳቻት ባለፈው ክረምት ነው። ልጅት ከሥራ ስትመለስ እንደ ልማዷ ጎራ ብላ በሩን ስትከፍት፣ እናትየው በጨዋ ደንብ ፈገግ ብላ «ነርሷ መጣች» አለች። ልጅት ጫማዋን አወለቀች፣ የመድኃኒቱን ሣጥን ከመደርደሪያው አወረደች፣ «አዎ፣ መጥቻለሁ» አለች። ምንም አልተሰማትም። በማግስቱ ስድስት ጥርስ ሠርታ ጨረሰች፤ አንዱም ተበላሽቷል ተብሎ አልተመለሰባትም። ሐዘኑ ዘግይቶ ይመጣል ብላ ጠበቀችው። ሳምንት ሄደ፣ ወር ሄደ፣ የለም። ሰው ሲጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች። ውሸቷን አልነበረም፤ ድንዝዝ ያለ ሰው ምን አለበት።

የቀረው አባትየው ብቻ ነበር። እናትየው እሱን ታውቀዋለች፤ ከእሱ እጅ ካልሆነ ከማንም እጅ አትበላም። ልጅት ማንኪያ ብታቀርብላት አፏን ግጥም አድርጋ ፊቷን ታዞራለች። ሐኪሟ እቅጩን ነግሯቸዋል፤ እሱንም የረሳችው ቀን በቱቦ ነው የምትመገበው፣ ያውም ሆስፒታል ተኝታ። አባትየው ይህን ሲሰማ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና «እኔን አትረሳም» አለ።

አንድ ቀን ገላዋን አጥቧት ከገንዳው ሲያወጣት እግሩ አዳለጠው። እሷን አልለቀቀም። ሁለት እጁ በእሷ ተይዞ ስለነበር የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ በአፉ ነው ያረፈው። እሷን ጭረት እንኳ አልነካትም፤ የእሱ ሁለት የፊት ጥርሶች ግን ከወገባቸው ሄዱ።

ያን ቀን ምሳዋን ይዞ ሲቀርባት አፉን አፍጥጣ አየችና ሸሸት አለች። «ባለቤቴ የት ሄደ?» አለችው። ሲጨንቀው የሐኪም ጭምብል አደረገ፤ አፉ ሲሸፈን በዓይኑና በድምፁ አወቀችው፣ ግማሽ ሳህን በላች። ሁለት ሳምንት በጭምብል አበላት። በየቀኑ የምትበላው እያነሰ ሄደ። «ፊትህን ለምን ትደብቀኛለህ?» ትለዋለች፣ ሆድ ብሷት።

ስለዚህ ነገሩ የቁንጅና አልነበረም። የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ማንን ሊያማልል ነው። ጥርሱ የድሮውን መምሰል ነበረበት፣ በቃ።

በቀጠሮው ጠዋት ልጅት ቀለሙን ራሷ ልትመርጥ ክሊኒኩ ቀድማ ደረሰች። አባትየው ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ስልኳ ጠራ። የደወለችው እናትየውን ትጠብቅ የነበረችው ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣችው መምህርት ናት። «እናትሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ አልወጣም ብላለች፣ በሩን ከውስጥ ይዛዋለች» አለቻት። ልጅት በረረች። ለምና፣ አባብላ፣ አስወጥታ ስትመለስ ሁለት ሰዓት አልፏል። ጥርስ ሐኪሙ የተሰበሩትን ሞርዶ ለሽፋን አዘጋጅቷል። አባትየው አፉ በላስቲክ ተወጥሮ፣ ከንፈሩ ደንዝዞ፣ መብራቱ ሥር ተዘርሯል።

«ቀለሙን ሌላ ቀን እናድርገው?» አላት ጥርስ ሐኪሙ። ንዝንዟን ያውቃልና ፈርቷታል።

«አያስፈልግም» አለች። የቀለም ናሙናዎቹን አነሳች፤ አሥራ ስድስት ትንንሽ ጥርሶች ከነጩ እስከ ቡናማው በየዘንጋቸው ተሰክተዋል። አንዱን ከጎን ወዳሉት የራሱ ጥርሶች አስጠጋች። ልክ መሰለ። «ይሄ ነው» ብላ ቁጥሩን ጻፈች። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። አባትየው በእጅ መስታወቱ አይቶ በጉሮሮው አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ቀና ብላ አላየችውም።

እጇም የለመደውን ሠራ። ሁለት ለስላሳ፣ ቀጥ ያሉ፣ ያማሩ ጥርሶች። ክር የበላው ቦታ ትዝም አላላት። ጥርስ ሐኪሙ ለሙከራ በቀላል ማጣበቂያ ገጠማቸውና «አባባ፣ ሃያ ዓመት ነው የተቀነሰልዎት» አለ። አባትየው አመሰገነ፤ ፈገግ ግን አላለም።

ቤት ሲደርሱ እናትየው መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ነበረች። አባትየው ጭምብሉን አውልቆ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለና ሳቀላት። ልጅት እናቷ ፊት ላይ እንዲያ ያለ ፍርሃት አይታ አታውቅም። ከነወንበሯ ወደ ኋላ ነው የተገፋችው። «እኚህ ሰውዬ ማናቸው?» አለች ወደ ልጅት ዞራ። «ነርስ፣ ባለቤቴ ሳይመጣ ያስወጡልኝ።» አባትየው ጭምብሉን መልሶ አደረገ፤ አልረዳውም። ከሥሩ ምን እንዳለ አንዴ አይታለች። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ትንሽ ጭማቂ በገዛ እጇ ይዛ ጠጣች፤ ሌላ ምንም አልቀመሰችም።

ልጅት አባቷን ደጅ አውጥታ በቀን ብርሃን አየችው። ደብዛዛ ጥርሶቹ መሐል ሁለቱ እንደ አዲስ የሸሚዝ ቁልፍ ያበራሉ።

«አባዬ፣ የኔ ጥፋት ነው። አፍህ ደርቆ ነው የመረጥኩት።»

«አይቼዋለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፌ ተወጥሮ ነበራ። ኋላ ደግሞ ሳይሽ ፊትሽ ደህና አይደለም። ይቺ ልጅ ላይ ሌላ ልጨምርባት እንዴ ብዬ ተውኩት።» አዲሶቹን ጥርሶች በጣቱ መታ መታ አደረገና «ጨርቁ ጥሩ ነው እኮ፤ ክሩ ነው ያልገጠመ» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያለቅስ ነበር። እሷ «ነገ በጠዋት እንሄዳለን» አለችው፣ የአውቶብስ ሰዓት እንደምትነግረው ሁሉ።

በማግስቱ በሽተኛ ሳይገባ ክሊኒኩ ደረሱ። አባቷን ውሃ አስጎነጨችው፣ አፉን አስዘጋችው፣ መስኮቱ ዘንድ አስቀመጠችው። ደማቅ ሸሚዙን በግራጫ ጨርቅ ሸፈነች። ዓይን ቀለም ላይ ሲፈዝ ይታለላልና አንድ ናሙና አምስት ሰከንድ ታያለች፣ ከዚያ ዓይኗን ግራጫው ጨርቅ ላይ ታሳርፋለች፣ እንደገና ታያለች። አባትየውም መስታወቱን ይዞ ገባበት። ዕድሜ ልኩን ክርና ጨርቅ በር ላይ አውጥቶ ሲያስተያይ የኖረ ሰው ነው።

«እሱ አይሆንም፣ ቢጫው ይበዛል» አላት። «ይሄኛው ተጠግቷል፤ ግን ትንሽ ጥቁረት ጎድሎታል። ወደ ታች ውረጂ።»

ወረደች። የመጨረሻዋ ናሙና ላይ ደረሱ፤ ከሁሉ የጠቆረችው ናት። ማንም መርጧት ስለማያውቅ ዘንጓ ገና እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ጥርስ ሐኪሙ «ይህንን ወድዶ የጠየቀኝ ሰው የለም» ብሎ ሳቀ። አባትየው «እኔ ወድጄ መሰለህ፣ እሜቴ ናት የወደደችው» አለው። ልጅት ናሙናዋን አስጠግታ አየች፤ ልክ ናት። እንዲያውም ጫፉ አካባቢ የሻይ ቀለም መጨመር አለበት ብላ በማስታወሻዋ ላይ ጥርሱን ሥላ ምልክት አደረገች።

ሁለት ቀን ሌላ ሥራ አልነካችም። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ጥርሶቹ የመጨረሻው ምድጃ ሳይገቡ ለልክ ተገጠሙ። አባትየው ከኪሱ ክር አወጣ፣ እንደ ድሮው በጥርሱ ያዘና ወጠረው። እሷ ክሩ የነካበትን በእርሳስ አመለከተች፣ አውልቃ ሞረደች፣ መልሳ ገጠመች። በምላሱ ዳበሰው።

«ትንሽ ወደ ግራ። ዓይን ላያውቀው ይችላል፣ ምላሴ ግን ያውቀዋል።»

ሦስት ጊዜ ሞረደች። በሦስተኛው ምላሱ ጎድጓዳዋ ላይ ቆይቶ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ገባሁ ቤቴ» አላት። እናትየው ያን ጊዜ እህል ካየች አራተኛ ቀኗ ነበር። ሐኪሟ ከነገ ወዲያ ሆስፒታል አምጧት ብሏል።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጥርሶቹ ለዘለቄታው ተጣበቁና ቤት ሄዱ። መምህርቷ ሾርባውን አሙቃ ጠበቀቻቸው። አባትየው ሳህኑን ተቀብሎ፣ ያለ ጭምብል፣ ቀስ ብሎ ሄዶ እናትየው ፊት ተቀመጠ። ልጅት በሩ ላይ ቀረች። አባትየው ፈገግ አለላት። ከጎናቸው ካሉት ጥርሶች ጋር ሲታዩ፣ ልጅት ራሷ የሠራቻቸውን መለየት አቃታት። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

እናትየው አየችው። ረዥም ጊዜ ነው ያየችው። አልሸሸችም። ከዚያ እጇን ዘረጋችና በጣቷ ጫፍ ጎድጓዳዋን ነካች፣ በጥፍሯ ሄድ መለስ አደረገችበት፣ ፊቷም ፈካ።

«ጉድ እኮ ነው» አለች። «ቁርጥ የባለቤቴን ጥርስ። የሱንም እንዲሁ ክር በልቶታል።»

አባትየው ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። መምህርቷ ወደ ወጥ ቤት ዞረች።

«ልብስ ሰፊ ነዎት እርስዎም?» አለችው እናትየው።

«አዎ» አላት። ሾርባውን በማንኪያው አማሰለ። «አዎ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ታዲያ ሳይተዋወቁ አይቀሩም። ይቀመጡ፣ አሁን ይመጣል። ደህና ሰው ይመስላሉ።» ይህን ብላ እንደ ድሮዋ ወደ ማንኪያው ተጠጋችና አፏን ከፈተች።

በላች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማንኪያ፤ ትውጣለች፣ ደግማ ትከፍታለች። ልጅት የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች። ክረምቱን በሙሉ፣ ከዚያም ወዲህ፣ ሲጠበቅ የነበረው ሐዘን ያኔ ነው የመጣው፤ ደረቷ ላይ አመማት። ነርስ የተባለችበት ቀን አመማት፣ የአባቷ ጀርባ አመማት፣ ቀለሙ ልክ መሆኑ አመማት። እናቷ እንዳትደናገጥባት አፏን በእጅጌዋ አፍና አለቀሰች።

«ባለቤቴን ያውቁታል ለካ?» አለች እናትየው፣ በሁለት ማንኪያ መሐል።

አባትየው የሳህኑን ጠርዝ በማንኪያው ጠረገ።

«አውቃቸዋለሁ» አላት። «ሲወዱዎት የኖሩ ሰው ናቸው። እስኪመጡ ድረስ እኔ አበላዎታለሁ።»